ዲስክ ጎልፍን ለማሳወቅ የአየር ሰዓት እንግዛ ወይስ ዩቲዩብ ላይ እንሥራ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። እሁድ ጠዋት ጃንሜዳ ላይ ዲስክ ጎልፍ እንጫወታለን። ሁለት ተንቀሳቃሽ ቅርጫት አለን፤ ዲስኮቹን ከውጭ የመጡ ዘመዶች ናቸው ያመጡልን። ስፖርቱን ሰው እንዲያውቀው እንፈልጋለን። አንድ ፕሮዲውሰር ‹የአየር ሰዓት ግዙና ለሦስት ወር በየሳምንቱ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም እንሥራ› ብሎናል። ግማሾቻችን በገንዘቡ ካሜራ ገዝተን ዩቲዩብ ላይ እንሥራ እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ያልታየ ስፖርት እዚህ አገር ከቁም ነገር አይቆጠርም እንላለን። የቱ ይሻለናል?»

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። የአየር ሰዓቱን አትግዙ። በኢንተርኔት ቪዲዮ ጀምሩ። ቴሌቪዥን ግን የራሱ ቦታ አለው፣ ወደዚያም እመጣለሁ። ምክንያቴ የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዲስክ ጎልፍ ባደገባቸው አገሮች ጨዋታውን ቁጭ ብሎ የሚያየው ሰው በአብዛኛው ራሱም የሚወረውር ሰው ነው። መጀመሪያ አንዴ ወርውሮ ይሞክራል፣ ይወደዋል፣ ከዚያ ነው ባለሙያዎቹን ማየት የሚጀምረው። ስለዚህ እናንተ ልትጠይቁ የሚገባችሁ «ብዙ ሰው የት ያየናል?» የሚለውን ሳይሆን «አይቶን እሁድ ጠዋት ሜዳ ድረስ የሚመጣውን ሰው የት እናገኘዋለን?» የሚለውን ነው።

ስፖርቱን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ሕጉ ከጎልፍ የተወሰደ ነው። በዱላና በኳስ ፋንታ ዲስክ ይወረወራል። በጉድጓዱ ፋንታ ደግሞ ምሰሶ ላይ የቆመ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት አለ። ዲስኩ ሰንሰለቱን መትቶ ቅርጫቱ ውስጥ ሲወድቅ ያ ሆል፣ ማለትም ከመወርወሪያው እስከ ቅርጫቱ ያለው አንዱ የጨዋታ ክፍል፣ አለቀ። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ቅርጫቱን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የፈጠረው ኤድ ሄድሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ዋም-ኦ በሚባለው ኩባንያ ሲሠራ ፍሪዝቢን፣ እየወረወሩ የሚጫወቱበትን የፕላስቲክ ዲስክ፣ ያሻሻለው ሰው ማለት ነው። በ1976 ደግሞ ፒዲጂኤ የሚባለውን የባለሙያ ተጫዋቾች ማኅበር መሠረተ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስፖርቱ ቴሌቪዥን ላይ ይህ ነው የሚባል ቦታ አላገኘም። ለምን እንዳላገኘ ማወቁ ለእናንተ ይጠቅማል፣ ያው ችግር ጃንሜዳም ላይ ይጠብቃችኋልና።

አንድ ዙር 18 ሆል ነው። አራት ሆነው የሚጫወቱ ባለሙያዎች ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የእግር መንገድ ነው። ዲስኩ አየር ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሄዳል። በዚያ ላይ ብዙ ምድቦች በተለያዩ ሆሎች ላይ በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ። እግር ኳስ ላይ ካሜራው ቦታውን ይዞ ይቆማል፣ ጨዋታው እፊቱ ይመላለሳል። እዚህ ግን ካሜራው ራሱ በዛፎች መሀል ጨዋታውን እየተከተለ መሮጥ አለበት። ትልቁ ጎልፍ ይህን የሚወጣው በብዙ ካሜራ፣ በማማ ላይ በሚቆሙ ካሜራማኖችና በብዙ ገንዘብ ነው። ዲስክ ጎልፍ ያ ገንዘብ አልነበረውም። መብረቅ ካሰጋ ደግሞ ጨዋታው ይቆማል፤ የጣቢያ ፕሮግራም ግን አይጠብቅም።

መፍትሔው ከጣቢያዎቹ አልመጣም። ጆናታን ጎሜዝ የሚባል ሰው የመሠረተው ጆሜዝፕሮ የሚባል የቀረጻ ቡድን ሌላ መንገድ ያዘ። ሁሉንም ተጫዋች ላሳይ አላለም። መሪዎቹ ያሉበትን አንድ የአራት ሰው ምድብ ብቻ ተከተለ። ካሜራዎቹ ጥቂት ናቸው። አንዱ ከወርዋሪው ጀርባ ይቆማል፤ ሌላው ወደፊት ሄዶ ዲስኩ የሚያርፍበትን ቦታ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያው ቅንብር ይገባሉ። የእግር መንገዱ ተቆርጦ ይወጣል። ውርወራ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሌላ ውርወራ፣ ከዚያ ቅርጫት። ብዙ ጊዜ በማግስቱ ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ በነጻ ይለቀቃል፤ የመጀመሪያው 9 ሆል ለብቻው፣ የመጨረሻው 9 ለብቻው። ግማሽ ቀን የበላው ዙር በምሳ ሰዓት ሊታይ የሚችል ነገር ሆነ።

ልብ በሉ፣ ቪዲዮው ሲለቀቅ ውጤቱ ታውቋል። ሰው ግን ያየዋል። በቴሌቪዥን ሥራ ላደግን ሰዎች ይህ ለመቀበል የሚከብድ ነገር ነው። ስፖርት ቀጥታ ካልተላለፈ አለቀለት ተብለን ነው የተማርነው። ለእግር ኳስ እውነት ነው። ዲስክ ጎልፍ የሚያየው ሰው ግን ማን እንዳሸነፈ ከማወቅ በላይ ሌላ የሚፈልገው ነገር አለ። ያ ሰው ዲስኩን እንዴት ያዘው? እግሩን የት ተከለ? ከዛፉ በግራ ለማዞር የትኛውን ዲስክ መረጠ? ነፋሱን እንዴት አነበበው? ያንን ይዞ ቅዳሜ ሜዳ ይወርዳል። ቪዲዮው ትምህርትም ጨዋታም ነው። አቁሞ፣ ወደኋላ መልሶ፣ ቀስ አድርጎ ያየዋል። ይህን ቴሌቪዥን አይሰጠውም።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ድምፁ ነው። የጆሜዝፕሮን ቪዲዮዎች ጄረሚ ኮሊንግና ኔት ሴክስተን ለረጅም ጊዜ አብረው ሲተርኩ ኖረዋል። ሁለቱም ባለሙያ ተጫዋቾች ናቸው። ሴክስተን እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ዲስክ ጎልፍ ሻምፒዮና አሸናፊ ነበር። አይጮሁም። ያንን ሆል ራሳቸው ስለተጫወቱት ወርዋሪው ምን እንደፈራ ያውቃሉ። «እዚህ ጋ በቀኝ በኩል ውኃ ስላለ ነው ዝቅ አድርጎ የወረወረው» ይሉሃል። ሳታውቀው ትማራለህ፣ ከጓደኞችህ ጋር የተቀመጥክ ይመስልሃል። የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ለሚያስታውስ ሰው የትረካን ጉልበት ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ጥሩ ተራኪ ያላየኸውን ሜዳ ያሳይሃል። እናንተም ከካሜራው በፊት አስቡበት የምላችሁ ይህንን ነው፦ ከመካከላችሁ ማን ነው በአማርኛ በደንብ የሚያወራው? ጨዋታውን የሚያውቅ፣ ሲያወራ ሰው የማይሰለቸው ሁለት ሰው ካላችሁ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል። በእንግሊዝኛ የተተረከ ዲስክ ጎልፍ ሞልቷል። ስለ ጃንሜዳ ነፋስ በአማርኛ የሚተርክ ግን ከእናንተ ሌላ ከየት ይመጣል?

አሁን ስለ ገንዘቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ፖል ማክቤዝ የሚባለው ሻምፒዮን ዲስክራፍት ከሚባለው ዲስክ አምራች ጋር የ10 ዓመት፣ የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በዚያ ስፖርት ታሪክ ያልተሰማ ገንዘብ ነበር። ማን እንደከፈለው ተመልከቱ። ጣቢያ አይደለም፣ የማስተላለፍ መብት የገዛም አይደለም። የከፈለው ዲስክ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ቪዲዮውን የሚያየው ሰው ዲስክ ስለሚገዛ ነው የከፈለው። ያ ተመልካች ቁጥሩ ከእግር ኳስ ተመልካች ጋር አይወዳደርም፤ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ነው። ብሮዲ ስሚዝንም ማንሳት ይቻላል። አልቲሜት ፍሪዝቢ በሚባለው በዲስክ በሚጫወቱት የቡድን ስፖርት ዩቲዩብ ላይ ስም ካወጣ በኋላ ነው ወደ ዲስክ ጎልፍ የመጣው፤ ተከታዮቹንም ይዞ መጣ። ከኮሮናው ዘመን ጋር ሲገጣጠም፣ ሰው ከቤት ወጥቶ ተራርቆ የሚጫወተው ነገር በሚፈልግበት ሰዓት፣ ቪዲዮዎቹ ተዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር።

እዚያው 2021 ላይ፣ በሰኔ ወር፣ በዩታ ግዛት ኦግደን ከተማ የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። የመጨረሻው ሆል ላይ ጄምስ ኮንራድ ከማክቤዝ በአንድ ውርወራ ወደኋላ ቀርቷል። ከ75 ሜትር ገደማ ወርውሮ ቀጥታ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተው። እኩል ሆኑ፣ በተጨማሪው ሆል ኮንራድ አሸነፈ። ያ ቅንጫቢ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አየው፤ የአሜሪካው የስፖርት ጣቢያ ኢኤስፒኤንም በስፖርት ዜናው አሳየው። እኔ ከዚህ ታሪክ የምወደው ቅደም ተከተሉን ነው። ትልቁ ጣቢያ ቅንጫቢውን ያገኘው ቀድመው እዚያ የነበሩ ካሜራዎች ስለነበሩ ነው። ተመልካች በዛም አልበዛም በየሳምንቱ ሲቀርጹ የኖሩ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ያ ውርወራ እዚያ በነበሩት ሰዎች ወሬ ብቻ ይቀር ነበር።

ቴሌቪዥን ከነጭራሹ አልመጣም ማለቴ አይደለም። ከ2020 ወዲህ በሲቢኤስ ስፖርትስ ኔትወርክና በኢኤስፒኤን 2 የታዩ ዝግጅቶች አሉ። ለስፖርቱ ክብር ነበር። ግን የመጣው ስፖርቱ የራሱን ተመልካች በኢንተርኔት ከገነባ በኋላ ነው። የዲስክ ጎልፍ ፕሮ ቱር የሚባለው የውድድር ዙር እ.ኤ.አ. በ2016 ጀመረ፤ በ2020 ደግሞ ቀጥታ ስርጭቱን በክፍያ የሚያሳይ ዲስክ ጎልፍ ኔትወርክ የሚባል የራሱን አገልግሎት ከፈተ። ነጻው የማግስት ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ቀጠለ። ክፍያው ብዙ አከራክሯል። የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው፤ ክፍያ የሚጠየቀው ቀድሞ የወደደ ሰው ነው። ገና ያላወቀ ሰው በር ላይ ትኬት ከጠየቅከው ይመለሳል። እናንተ ዘንድ ሁሉም ሰው ገና ያላወቀ ስለሆነ ስለ ክፍያ ማሰቡን ለጊዜው ተዉት።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልመለስ።

የአየር ሰዓት ግዢ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ግን ሙሉውን ሂሳብ ፕሮዲውሰሩ የነገራችሁ አይመስለኝም። ለሰዓቱ ትከፍላላችሁ። ለቀረጻው ትከፍላላችሁ። ለኤዲተሩ ትከፍላላችሁ። ከዚያ ስፖንሰር ፈልጋችሁ የምታመጡት እናንተው ናችሁ። ድሮ ለስፖርት ፕሮግራም ዋናው ስፖንሰር ቢራ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ከወጣ ወዲህ ያ በር ተዘግቷል። ባንኩም፣ የውኃ ፋብሪካውም፣ ሪል እስቴቱም በየቀኑ የሚለምነው ሰልፍ አለው። ሰልፉ ውስጥ ማንም ያልሰማውን ስፖርት ይዛችሁ ነው የምትገቡት።

ሰዓቱ ደግሞ የእናንተ አይሆንም። በዚህ ሥራ አብሬያቸው የሠራሁ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት የአየር ሰዓት ገዝተው ነበር። አንድ ሳምንት ስብሰባ ይተላለፋል፣ ሰዓቱ ይገፋል። ሌላ ሳምንት ጨዋታ ይተላለፋል፣ ይገፋል። ለተመልካች «ቅዳሜ በዚህ ሰዓት» ብለው የነገሩት ሁሉ ውሸት ሆነባቸው። ውሉ ሲያልቅ እጃቸው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ፋይሎቹን እንኳ ለማግኘት ደጅ ጠኑ። ዩቲዩብ ላይ የጫናችሁት ቪዲዮ ግን ከዓመት በኋላም ይፈለጋል፣ ይገኛል። ዛሬ ማንም ያላየው የከርሞ ሰው የሚጀምርበት ቪዲዮ ሊሆን ይችላል።

«የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግስ? ሱፐርስፖርት በእኛ አቆጣጠር ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ ማስተላለፍ ሲጀምር አልተለወጠም?» ትሉኝ ይሆናል። ተለውጧል። ሰው የክለቡን ጨዋታ በብዙ ካሜራ፣ በድጋሚ ምስል አየ። ነገር ግን የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ስታዲየም ሲሞላ ኖሯል። ቴሌቪዥኑ ያገኘው የተዘጋጀ ሕዝብ ነው። ታላቁ ሩጫም እንደዚያው ነው፤ መስቀል አደባባይን የሚሞላው ሰው ራሱ ሮጦ የሚገባው ነው። ቴሌቪዥን ያለውን ፍቅር ያሰፋል። ከባዶ ሲፈጥር ግን ብዙም አላየሁም፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለሦስት ወርማ ጭራሽ።

እንግዲህ ቴሌቪዥን ለእናንተ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ለሦስት ነገር። አንደኛ፣ ለቢሮ። አንድ ቀን ለቋሚ ቅርጫት ቦታ ስትጠይቁ የክፍለ ከተማው ወይም የፓርኩ ኃላፊ «ይህ ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም። በዜና ላይ የወጣ የሁለት ደቂቃ ዘገባ ካሳያችሁት ውይይቱ ይቀላል። ሁለተኛ፣ ለወላጆች። ልጃቸው እሁድ እሁድ የት እንደሚሄድ በቴሌቪዥን ያዩ እናት ልባቸው ያርፋል። ሦስተኛ፣ ለስፖንሰር፣ በኋላ። ለዚህ ሁሉ የአየር ሰዓት መግዛት አያስፈልግም። የስፖርት ዜና ክፍሎችና የጠዋት ፕሮግራሞች አዲስ ነገር ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ትንሽ ውድድር አዘጋጁ። በጥሩ ጥራት የተቀረጸ ምስል፣ የተጫዋች ቃለ ምልልስ፣ የአንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ ስጧቸው። ሥራ የሚበዛበት ጋዜጠኛ ያለቀለት ነገር ስታቀርቡለት ደስ ይለዋል። የኤፍኤም የስፖርት ሰዓቶችንም አትርሱ። ይህ ከተማ ስፖርትን የሚሰማው ታክሲ ውስጥ ነው።

ወደ ቀረጻው ልግባ፤ ከልቤ ላወራው የምፈልገውም ይህን ነው። ውድ ካሜራ አትግዙ። ሁለት ደህና ስልክና አንድ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ይበቃችኋል። አንዱ ስልክ ከወርዋሪው ጀርባ፣ ትንሽ ወደ ጎን። ሌላው ቅርጫቱ ጋ። ብዙ ጀማሪ ሁለቱንም ወርዋሪው ላይ ያደርጋል። ስህተት ነው። ተመልካች መርካት የሚፈልገው ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ነው። ያ ድምፅ ለዚህ ስፖርት የጎል ጩኸት ማለት ነው፤ ማይኩን እዚያ አድርጉት።

ስልኩን በዙም አታቅርቡ፤ ሰውየው በእግሩ ይቅረብ። ብርሃኑንና ፎከሱን ቆልፉት፤ አለበለዚያ ዲስኩ ከሣሩ ወደ ሰማዩ ሲወጣ ምስሉ ይጨልማል፣ ይበራል። ጀርባችሁን ለጠዋቷ ፀሐይ ስጡ። የዲስክ ቀለም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በበጋ ጃንሜዳ ቢጫና አቧራማ ነው፤ ቢጫና ብርቱካናማ ዲስክ ይጠፋል፣ ሮዝና ሰማያዊ ይታያል። በክረምት ሰማዩ ደመና ነው፤ ነጭ ዲስክ ከወረወራችሁ ተመልካቹ ምንም አያይም። ኮንቴይነር ላይ ወይም ደረጃ ላይ ወጥቶ መቅረጽ የሚቻልበት ቦታ ካለ ተጠቀሙበት፤ ከፍ ካለ ቦታ የዲስኩ መታጠፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዲስክ ደግሞ ከጎልፍ ኳስ የተሻለ ነገር አለው፤ ትልቅ ነው፣ ባለ ቀለም ነው፣ መንገዱን እየታጠፈ ይሄዳል። ለካሜራ የተፈጠረ ይመስላል።

ትረካውን ሜዳ ላይ አትቅረጹ። ነፋስ አለ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች አሉ፣ መኪና አለ። ቤት ግቡ፣ መስኮት ዝጉ፣ ብርድ ልብስ አንጠልጥሉ፣ ምስሉን እያያችሁ ሁለት ሆናችሁ አውሩ። አንዱ የሚያውቅ ይሁን፤ ሌላው አዲሱ ተመልካች የሚጠይቀውን የሚጠይቅ።

የአሜሪካኖቹን ርዝመት ግን አትቅዱ። ይህ ላይ በጣም እጠነቀቃለሁ። እዚያ ሰው በዋይፋይ 9 ሆል ሙሉ ቁጭ ብሎ ያያል። እዚህ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ በዝቅተኛ ጥራት፣ በ360ፒ እንኳ፣ በግምት 150 ሜጋባይት ይበላል። በካርድ ገንዘብ ጥቅል የገዛ ተማሪ ለማያውቀው ስፖርት ያንን አያወጣም። 3 ሆል፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቃ። ከእሱ ደግሞ አንድ ምርጥ ውርወራ አውጡና በቁም አድርጋችሁ ቲክቶክ ላይ ጣሉት። ሥራቸው ይለያያል። ቲክቶክ የማያውቃችሁን ሰው ያቆመዋል። ዩቲዩብ ያቆመውን ሰው ያስተምረዋል። ቴሌግራም ደግሞ የተማረውን ሰው እሁድ በስንት ሰዓት የት እንደምትገናኙ ይነግረዋል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳል፤ ዋናው እሱ ነው። እያንዳንዱ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ሰዓቱን፣ ቦታውንና «ዲስክ ባይኖርህም እናውስሃለን» የሚለውን በግልጽ ተናገሩ።

ከዩቲዩብ ማስታወቂያ ገንዘብ አትጠብቁ። የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ዩቲዩብ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ይጠይቃል። ለትንሽ ስፖርት ያ ሩቅ ነው፤ ብትደርሱበትም ትንሽ ነው። የእይታ ቁጥርም አያስጨንቃችሁ። እኔ ብሆን የምመዘግበው እሁድ «በቪዲዮ አይቻችሁ ነው» ብሎ የመጣውን ሰው ነው። ከቻናሉ መረጃ ውስጥ ደግሞ ሰው ቪዲዮውን በየትኛው ደቂቃ ላይ ትቶ እንደሚሄድ የሚያሳየውን መስመር ተከታተሉ። ረጅም መግቢያ ሙዚቃ ላይ ቁልቁል ሲወርድ ታገኙታላችሁ። ሙዚቃውን አውጡት። ተመልካቾቻችሁ የት አገር እንዳሉም ተመልከቱ። ብዙዎቹ ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ያሉ ወገኖቻችን ቢሆኑ አትዘኑ። እዚያ ዲስክ በየስፖርት ዕቃ መደብሩ ይሸጣል፤ ለክረምት ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ አምስት ስድስት ቢይዙላችሁ ከማስታወቂያ ገቢው ይበልጣል።

ሌላ ማንም የሌለው ነገር አላችሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ላይ ዲስክ የመንሳፈፍ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በመሀል መንገድ የሚያደርገው መታጠፍ ያንሳል፣ መጨረሻ ላይ ቶሎ ወደ ጎን ይወድቃል። ባሕር ጠለል ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ዲስክ ጃንሜዳ ላይ ሌላ ዲስክ ነው። ይህን በአማርኛ ተርኩት፤ ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አድርጉበት። የትም አገር ያለ ተጫዋች ያየዋል። ቅርጫት መሥራቱንም ቅረጹ። የውጭው ቅርጫት ውድ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ግን ከብረትና ከሰንሰለት የማይሠራ ነገር የለም። ብየዳው፣ ክርክሩ፣ የመጀመሪያው ሙከራ፤ ዲስክ ጎልፍ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ሴቶች ልጆችን ከመጀመሪያው ቪዲዮ ጀምሮ አሳዩ። በኋላ እንጨምራለን ብሎ ነገር የለም፤ ካሜራው ወንዶቹን ብቻ የለመደ እንደሆነ ሜዳውም እንደዚያው ይቀራል። የ2022 እና የ2023 የዓለም ሻምፒዮን ክሪስቲን ታታር የመጣችው ከኢስቶኒያ ነው። ሕዝቧ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የማይሞላ አገር ናት። አንዲት እህት ቪዲዮው ላይ ራሷን የምትመስል ልጅ ካላየች እሁድ ጠዋት ብቻዋን ጃንሜዳ አትመጣም።

ስለ ቦታው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጃንሜዳ የሁሉም ነው። ጥምቀት አለ፣ ሩጫ አለ፣ ኳስ አለ፣ ልምምድ የሚሠራ ሰው አለ። ዲስክ ብዙ ጊዜ እስከ 175 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ጠርዙም ጠንካራ ነው፤ ሰው ፊት ላይ ካረፈ ቀልድ አይደለም። ዲስኩ የሚያርፍበት አካባቢ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው አቁሙ፤ ሰው ካለ አይወረወርም። ይህንንም ቪዲዮው ላይ አሳዩት። የሚያልፉ እናትን ቆማችሁ የምታሳልፉበት ምስል ለቢሮ ኃላፊው ከምትጽፉት ደብዳቤ የበለጠ ይናገርላችኋል።

ለአየር ሰዓት ያሰባችሁት ገንዘብ እጃችሁ ላይ ካለ የመጀመሪያውን ክፍል ለማይክና ለስልክ መቆሚያ አውሉት። የቀረውን በሙሉ ለዲስክ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዲስክ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። ቪዲዮውን አይቶ ከመገናኛም ከሳሪስም ታክሲ ይዞ የመጣ ልጅ ቆሞ እናንተን ሲያይ ከዋለ በሚቀጥለው እሁድ አይመለስም። እንደደረሰ ዲስክ እጁ ላይ አድርጉለት። ከቅርጫቱ አምስት ሜትር ርቀት ላይ አቁሙት። አንዱን ሰንሰለቱ ውስጥ እስኪከት ጠብቁት፤ ስልኩን ተቀብላችሁም ቅረጹለት። ያንን ቪዲዮ ለጓደኞቹ የሚልከው እሱ ራሱ ነው።